ስለ መረዳዳት፤ በቢቸናና በሞጣ አገር፥ ደግሞም በእንግሊዝ አገር

ልጆች ሆይ፤ ጥጃ በተወለደ ቀን ተነሥቶ ይቆማል፤ የሰው ልጅ ግን አንድ ዓመት ያህል በእናቱ ጀርባ ይታዘላል። ካደገም በኋላ ቤት ሲሠራ ምሰሶ የሚያቆምለት፥ ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው፥ ሲሞትም አፈር የሚያለብሰው ሌላ ሰው ያሻዋል። ብቻውን ቤቱን የሠራ ሰው ምናልባት ይገኝ ይሆናል፤ ራሱን የቀበረ ሰው ግን ከቶ ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ በዓለም ያሉ ሕዝቦች ሁሉ፥ ጥቁሩም ነጩም፥ ባላገሩም ከተሜውም፥ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበትን ሥርዓት በየመልኩ አበጅተዋል።

ዛሬ በመጀመሪያ የአገራችንን የምሥራቅ ጎጃምን ልማድ፥ ቀጥሎም የእንግሊዞችን ልማድ እንነግራችኋለን። ስታነቡ አንዲት ጥያቄ በልባችሁ ያዙ። ይህችውም፥ «ብድሩን መመለስ የማይችለውን ሰው ማን ይረዳዋል?» የምትል ናት።

፩፤ ስለ ወንፈልና ስለ ደቦ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰፊ የጤፍ እርሻ ያያል። የቢቸና ጤፍ በነጭነቱ የታወቀ ነው። የጤፍ ሥራ ግን ብዙ ነው። ምድሩ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ዘሩ በክረምት ይዘራል፤ ቡቃያው በእጅ ይታረማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሲደርስ ፈጥኖ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ ያለ ጊዜው ዝናም የመጣበት እንደ ሆነም ወድቆ ይበላሻል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ብቻውን እርሻውን በዐሥር ቀን የሚያጭድ ቢሆን፥ ዐሥረኛው ቀን ሳይደርስ የድካሙ ፍሬ ሊጠፋበት ይችላል።

ስለዚህ ጎረቤታሞች ወንፈል ይገባሉ። ወንፈል ማለት ቀንን በቀን መበዳደር ነው። ዐሥር ሰዎች ተስማምተው ዛሬ በአንዱ፥ ነገ በሁለተኛው፥ ከነገ ወዲያ በሦስተኛው እርሻ ላይ አብረው ይውላሉ። በዐሥር ቀን ውስጥ የዐሥሩም እርሻ ይታጨዳል። «እያንዳንዱ ዐሥር ቀን ደክሞ የለምን? ታዲያ ትርፉ ምንድር ነው?» ትሉ ይሆናል። ትርፉ ይህ ነው። የሁሉም አዝመራ በአንድ ቀን አይደርስምና፥ አስቀድሞ የደረሰው አስቀድሞ ይታጨዳል፤ የተጀመረውም እርሻ በዚያው ቀን ያልቃል። ደግሞ ብቻውን የሚያጭድ ሰው ወገቡን ባመመው ጊዜ ቁጭ ይላል፤ ከዘጠኝ ጓደኞቹ ጋራ ሲሆን ግን ዘፈኑ ያበረታዋል፥ ማፈሩም ያተጋዋል።

የወንፈል ሕግ አጭር ነው። ቀን ለቀን ይመለሳል። የታመመ ሰው ልጁን ወይም ወንድሙን በእርሱ ፈንታ ይልካል። ይህ ሁሉ በወረቀት አይጻፍም፤ በልብ ይያዛል። የወንፈል ዕዳውን ያስቀረ ሰው ግን በዳኛ ፊት አይከሰስም፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚጠራው ሰው ያጣል እንጂ። ይህም ከመከሰስ ይልቅ ይከብዳል።

ወንፈልን የሚመስል ሌላ ልማድም አለ፤ እርሱም መቀናጆ ይባላል። እርሻ የሚታረሰው በሁለት በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ ይቀናጅና በተራ ያርሳሉ። አንዱ በሬ ለብቻው ምንም አይጠቅምም ነበር፤ ሁለቱ ተጠምደው ግን ሁለት ቤት ያበላሉ።

ደቦ ደግሞ ከወንፈል ይለያል። በሌላ አገር ጅጌ ወይም ወበራ ይሉታል። ቤት የሚሠራ ወይም ብዙ ነዶ የሚወቃ ሰው መንደሩን ሁሉ ለአንድ ቀን ይጠራል። የመጡት ሰዎች ቀኑን ቈጥረው አይጠይቁትም፤ ነገር ግን እንጀራና ወጥ አቅርቦ፥ ጠላ ጠምቆ ይጠብቃቸዋል። ድኻ ሰው ስለዚህ ደቦ መጥራት ይቸግረዋል። ጋን ያልጠነሰሰ ቤት ብዙ ሰው ለመጥራት ያፍራልና።

፪፤ ስለ ማኅበርና ስለ ሰንበቴ

የአገራችን ሰዎች የሚረዳዱት በእርሻ ሥራ ብቻ አይደለም። በቅዱሳን ስም ማኅበር ይጠጣሉ። በወር በ12 የሚካኤል፥ በ21 የማርያም፥ በ23 የጊዮርጊስ፥ በ27 የመድኃኔ ዓለም ነው። በሞጣ ከተማ ያለው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ነው፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የአገሩ ሰው በስሙ ይሰበሰብበታል።

የማኅበሩ ሰዎች ዐሥራ ሁለት ቢሆኑ፥ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል። ተረኛው ዳቦ ጋግሮ፥ ጠላ ጠምቆ ማኅበርተኛውን በቤቱ ይቀበላል። ካህኑ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ይበላል፥ ይጠጣል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። ሁለት ማኅበርተኞች የተጣሉ እንደ ሆነ ሙሴው ያስታርቃቸዋል፤ ቂም ይዞ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ነውና። የቀረውን ሰው፥ «ለምን ቀረ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ታሞም ከሆነ ይጐበኙታል፤ ቤቱ ተቃጥሎበት ከሆነ እንጨትና ሣር ያዋጡለታል።

ሰንበቴ ደግሞ በእሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚገኘው በሰንበቴ ቤት ይደረጋል። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያመጣል። ከዚያም ማኅበርተኛው ብቻ አይበላም፤ መንገደኛውም፥ ዓይነ ሥውሩም፥ በበሩ የተቀመጠውም ድኻ ይበላል።

በዚህ ነገር ግን አንድ የተሰወረ ስሕተት እንደ ነበረ ሳንነግራችሁ አናልፍም። ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዪቱንም በሥራቸው ንቀው ከማኅበራቸው የሚያርቁ ሰዎች ነበሩ። ማረሻውን የሠራው ቀጥቃጩ ነው፤ ጋቢውን የሠራው ሸማኔው ነው፤ ጠላው የተጠመቀበትን ጋን የሠራችው ሸክላ ሠሪዪቱ ናት። በእጃቸው ሥራ እየተጠቀሙ እነርሱን መናቅ ታላቅ በደል ነው።

፫፤ ስለ ለቅሶና ስለ ዕድር

በመንደር ሰው የሞተ እንደ ሆነ የሰማው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይሄዳል። ጎልማሶች መቃብር ይቈፍራሉ፤ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፥ እንጨት ያመጣሉ። ኀዘንተኛው ምግብ ለማብሰል ልብ የለውምና ጎረቤቶች ከየቤታቸው እንጀራና ወጥ ይዘው ይመጣሉ። ይህ ምግብ እዝን ይባላል። ለቅሶኛው ጥቂት ቀን ከኀዘንተኛው ጋራ ይቀመጣል፤ ምንም ባይናገርም አጠገቡ መቀመጡ ብቻ መጽናኛ ነው።

ከተማ እያደገ በሄደ ጊዜ ግን ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ሰፈር መኖር ጀመሩ። ስለዚህ ዕድር አቆሙ፤ በ20ኛው መቶ ዓመትም ዕድር በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች እጅግ በዛ። በዕድር ሰው ሁሉ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል። ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። በተዋጣው ገንዘብ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ድስትና ሳሕን ይገዛል። አባል ወይም ቤተ ሰቡ ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ለቤተ ሰቡም የተወሰነው ገንዘብ ይሰጣል። ሳይገኝ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ዕድር የመንደሩን ልማድ በመዝገብና በገንዘብ አጽንቶ ወደ ከተማ ያመጣ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል።

ዕቁብ ግን ሌላ ነው። 20 ሰዎች በየወሩ 100 ብር ቢያዋጡ 2,000 ብር ይሆናል፤ በዕጣ ለአንዱ ይሰጣል። በ20 ወር ለሁሉም ይደርሳል። በዚህ አንዱ የቤት ቈርቈሮ፥ አንዱም የንግድ ዕቃ ይገዛል። ዕቁብ ለመነሣት ነው፤ ዕድር ለወደቁ ጊዜ ነው።

፬፤ ያልሞተው ቀን

ይህን የጻፍሁላችሁ እኔ መምህር ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተወለድሁት ከቢቸና ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ባለ መንደር ነው። ዕድሜዬ ዘጠኝ ዓመት ሲሆን፥ በጥቅምት ወር መጀመሪያ፥ አባቴ ታሞ ሞተ። ጤፋችን ታርሞ ነበር፤ ለመታጨድ ግን አልደረሰም። መንደሩ ሁሉ መጥቶ ቀበረው፤ የማኅበሩ ሰዎችም እዝን አመጡልን። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ወደየሥራው ሄደ፤ የሁሉም አዝመራ እየደረሰ ነበርና።

አርባው ካለፈ በኋላ ጤፋችን ደረሰ። እናቴ አንድ ቀን በማለዳ ማጭዱን ያዘች፤ እኔንና ታናሽ እኅቴንም አስከትላ ወደ እርሻው ሄደች። ከእርሻው ዳር በደረስን ጊዜ አራት ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው ቆመው አገኘን። እናቴ አልጠራቻቸውም ነበር። ከእነርሱ የሸመገለው፥ «እቴ፥ ባልሽ ባረሙ ጊዜ በየእርሻችን አንዳንድ ቀን ውሎልናል። እርሱ ቢሞት ቀኑ አልሞተም» አላት። እናቴ ይህን ዕዳ አላወቀችም ነበር፤ በመዝገብም አልተጻፈም። አራቱ ሰዎች ዝም ብለው ቢቀሩ የሚያውቅባቸው ሰው አልነበረም። በዚያ ቀን ከእርሻው የሚበዛውን አጨዱልን፤ የቀረውንም እኛ ቀስ በቀስ ሰበሰብን። ዓመቱን ከዚያ ጤፍ በላን።

ልጆች ሆይ፥ ታማኝነት ምን እንደ ሆነ በዚያ ቀን ተማርሁ። ነገር ግን ሌላም ነገር ተማርሁ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመለስ ቀን አልነበረንም። እናቴ ሞፈር ለመያዝ አልቻለችም፤ እኔም ገና ሕፃን ነበርሁ። ጎረቤቶቻችን ክፉዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን ወንፈል ቀንን በቀን መመለስ ነውና፥ መመለስ ለማይችል ሰው ስፍራ የለውም። ስለዚህ መሬታችን እኩል ተሰጠ፤ ያረሰው ሰው ግማሹን ወሰደ፥ እኛም ግማሹን በላን። የአባቴ ማኅበር ግን አልተወንም። ተራችን በደረሰ ጊዜ ሁለት ማኅበርተኞች ዳቦውንና ጠላውን አዘጋጅተው በአባቴ ስም ጽዋውን አነሡልን።

፭፤ ስለ ቆሎ ተማሪ

ቤታችን ስለ ደኸየ እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሰደደችኝ። የጎጃም አገር በቅኔ ትምህርት የታወቀ ነው፤ በቢቸና አጠገብ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስም ከታወቁት የቅኔ ደብሮች አንዲቱ ናት። የዚያን ዘመን ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ ውሻ መከላከያ በትር ጨብጦ፥ ከቤት ወደ ቤት ስለ ማርያም እያለ ይለምን ነበር። ቆሎ የሚበላ ስለ ሆነ ቆሎ ተማሪ ይባላል። መምህሩ ያለ ደመወዝ ያስተምራል፤ ባላገሩም ተማሪውን ይመግባል። መንግሥት ብር ሳይሰጥ፥ ብዙ ሊቃውንት በዚህ ልማድ ከድኻ ቤት ወጡ።

አንድ ቀን በክረምት ወራት ብዙ ቤት ለምኜ ምንም አላገኘሁም። በመጨረሻ ወደ አንዲት ትንሽ ጎጆ ደረስሁ። አንዲት አሮጊት ወጥተው አዩኝ፤ ገብተውም አንድ እንጀራ አመጡና ከሁለት ቈረሱት። ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፤ ግማሹንም ይዘው ገቡ። ሌላ እንጀራ እንዳልነበራቸው በዚህ አወቅሁ። ስሜን አልጠየቁኝም፤ እኔም ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። የወንፈል ዕዳ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን በመዋል በተከፈለ ነበር፤ የዚያች ግማሽ እንጀራ ዕዳ ግን እስከ ዛሬ በእኔ ላይ አለ። እንዲህ ያለው ዕዳ ለሰጪው አይመለስም፤ ለሌላ ለተቸገረ ይከፈላል እንጂ።

፮፤ ስለ እንግሊዝ አገር

ኋላ በሚስዮን ትምህርት ቤት ገብቼ እንግሊዝኛ በተማርሁ ጊዜ የእንግሊዞችን ታሪክ አነበብሁ። በጌጣቸውና በመርከባቸው አልተደነቅሁም፤ ድኾቻቸው የእኛን መንደር ድኾች በመምሰላቸው ተደነቅሁ እንጂ። ከዓመታቱ ቀጥሎ የምንጽፈው ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ የእንግሊዝ ባላገሮች እርሻቸውን እየተዉ የፋብሪካ ሠራተኞች ሆኑ። በከተማ ጎረቤታቸው የማያውቁት ሰው ሆነ። ሠራተኛው ታሞ የተኛ እንደ ሆነ ደመወዙ በዚያው ቀን ይቆማል፤ ልጆቹም ይራባሉ። ስለዚህ ሠራተኞች የወዳጅነት ማኅበር የሚባል ሥርዓት አቆሙ። እያንዳንዱ በየጊዜው ጥቂት ሳንቲም ያዋጣል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ ቁልፎቹም በሦስት ሰዎች እጅ ነበሩና አንዱ ብቻውን ሊከፍተው አይችልም። አባል ሲታመም በየሳምንቱ ገንዘብ ይሰጡታል፤ ሲሞትም ማኅበርተኞቹ አጅበው ይቀብሩታል። በ1793 መንግሥታቸው እነዚህን ማኅበሮች በሕግ አወቃቸው። የእንግሊዝ ድኻ ከሚፈራው ነገር ሁሉ የሚበልጠው በመንግሥት ገንዘብ እንደ ተጣለ ሰው መቀበር ነበረ፤ ከዚህም ለመዳን ከልጆቹ ዳቦ ላይ ሳንቲም ቀንሶ ለመቃብሩ ያዋጣ ነበር። ይህ ከእኛ ዕድር በምን ይለያል?

ነገር ግን የወዳጅነት ማኅበር የሚረዳው የከፈለውን ሰው ብቻ ነው። መክፈል ያቃተውስ? በ1601 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን በወጣ ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ከባለጠጎች ግብር ሰብስቦ ድኾቹን እንዲረዳ ታዝዞ ነበር። በ1834 ግን ሕጉ ተለወጠና ከበደ። ርዳታ ከሚለምኑት ብዙዎች የድኾች ሥራ ቤት ወደሚባል ታላቅ ቤት እንዲገቡ ተደረገ። በዚያ ባል ከሚስቱ፥ እናትም ከልጆችዋ ይለዩ ነበር፤ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፥ ከባድ ሥራም ይሠራሉ። ይህን ያደረጉት ሰው ሰነፍ እንዳይሆን ብለው ነው። የሆነው ግን ብዙ ድኾች ወደዚያ ከመግባት መራብን መምረጣቸው ነው። ልጆች ሆይ፥ ልብ በሉ፤ እያሳፈሩ የሚሰጡት ምጽዋት ሆድን ቢሞላም ሰውን ይሰብራል።

እንግሊዞች ይህን ስሕተታቸውን ለማረም ብዙ ዘመን ፈጀባቸው። በ1908 ስለ ሽማግሌዎች ሕግ አወጡ፤ ከ1909 መጀመሪያ ጀምሮም ዕድሜያቸው 70 ዓመት ለሞላ ድኾች በየሳምንቱ እስከ 5 ሽልንግ ይሰጥ ጀመር። በ1911 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ሠራተኛው በሳምንት 4 ፔኒ፥ አሠሪው 3 ፔኒ፥ መንግሥቱም 2 ፔኒ ያዋጣሉ፤ ሠራተኛው ሲታመም ሐኪም ያየዋል፥ ገንዘብም ይሰጠዋል። ይህ አገር አቀፍ ዕድር ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም የሠራተኛውን ሚስትና ልጆች ሐኪም እንዲያይላቸው አላደረገም ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በነደደ ጊዜ፥ በ1942፥ ዊልያም ቤቨሪጅ የሚባል ሊቅ አንድ ጽሕፈት ለመንግሥቱ አቀረበ። በአገር ላይ አምስት ግዙፋን ጠላቶች አሉ አለ፤ እነርሱም ችግር፥ በሽታ፥ ድንቁርና፥ የመኖሪያ መቈሸሽና ሥራ ማጣት ናቸው። እነዚህንም ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት አዋጥቶ እንዲዋጋቸው መከረ። በጁላይ 5 ቀን 1948 ሀብታምና ድኻ ሳይለይ ሰው ሁሉ በታመመ ጊዜ ሳይከፍል የሚታከምበት የአገር ጤና አገልግሎት ተጀመረ። ገንዘቡ የሚመጣው ከሕዝቡ ግብር ነው። አሮጌው የድኾች ሕግም በዚያው ቀን ተሻረ።

እንግዲህ እንግሊዞች ከእኛ ይልቅ ደጎች ናቸው አትበሉ። በዚያ አገር ብዙ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሐኪሙ ቢያያቸውም፥ ገንዘቡ ቢደርሳቸውም፥ ደጃፋቸውን የሚመታ ሰው ያጡ አሉ። በ2018 መንግሥታቸው የብቸኝነትን ነገር የሚመለከት ሚኒስትር እስከ መሾም ደርሷል። ገንዘብ መድኃኒት ይገዛል፤ ከኀዘንተኛ ጋራ ግን አይቀመጥም። እኛ ያለን ለእነርሱ ጐደላቸው፤ እነርሱ ያቆሙትም ለእኛ ጐደለን።

በአገራችንም ይህን ጉድለት ለመሙላት ተጀምሯል። በ2003 ዓመተ ምሕረት በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ተጀመረ። በአማራ ክልል የተጀመረው በፎገራ፥ በደቡብ አቸፈርና በተሁለደሬ ነው። ባላገሩ ቤተ ሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዋጣል፤ በታመመም ጊዜ በጤና ጣቢያ ይታከማል። መክፈል የማይችሉትን ድኾች ግን ሕዝቡ በቀበሌው ይመርጣቸዋል፤ መዋጮአቸውንም መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ይህ ወንፈልንና ያችን ግማሽ እንጀራ አንድ ላይ የያዘ ሥርዓት ነው።

፯፤ ገመድና ድልድይ

የሞጣ ልጆች ሰባራ ድልድይን ታውቃላችሁ። በዓባይ ላይ፥ በሞጣና በእስቴ አገር መካከል ነው፤ በ17ኛው መቶ ዓመት በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠራ ይባላል። ከመካከሉ ፈርሶ ብዙ ዘመን ቆየ። በዚያ ዘመን ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ በፈረሰው ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ በወዲህና በወዲያ ዳር የቆሙ ሰዎችም ገመዱን እየሳቡ ያሻግሩታል። ከታቹ ዓባይ ይጮኻል። የተንጠለጠለው ሰው ሕይወት በሳቢዎቹ ክንድ ነበረች።

ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ እነዚህን ገመድ ሳቢዎች በመጽሔት ሥዕል አይቶ ልቡ ተነካ፤ በ2002 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከአገሩ ሰዎች ጋራ ድልድዩን አስጠገነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ የተጠገነውን ወሰደው። አልተዉትም፤ በ2009 በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ከጎርፉ በላይ ተሠራ።

ወንፈልና ማኅበር እንደ ገመዱ ናቸው። የሚስቡት ሰዎች ያውቁሃል፥ ስምህንም ይጠራሉ፤ ነገር ግን በወዲያ ዳር ዘመድ የሌለው ሰው ማን ይስብለታል? የአገር ሕግና የሕዝብ መዋጮ እንደ ድልድዩ ነው። ስምህን አያውቅም፤ ነገር ግን እንግዳውንም፥ አሮጊቷንም፥ አባት የሞተበትንም ልጅ እኩል ያሻግራል። ድልድይም ካልተጠበቀ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገመድ የሚስብ ክንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱም ይኑሩን።

ልጆች ሆይ፥ እናንተ ገና ታናናሾች ናችሁ፤ ድልድይ አትሠሩም፥ ሕግም አታወጡም። ነገር ግን ወንፈል መግባት ትችላላችሁ። ታሞ ለቀረው ጓደኛችሁ የዕለቱን ትምህርት ንገሩት። ምሳ ለሌለው ከምሳችሁ ቍረሱለት፤ ሰው እያየ ግን አታሳፍሩት። የተበደራችሁትን፥ ያበደራችሁ ሰው ቢረሳውም፥ እናንተ አትርሱት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን፤ ድሩን የሚያብረው ግን እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

ጥያቄ

፩ኛ፤ ወንፈልና ደቦ በምን ይለያሉ?
፪ኛ፤ አራቱ ሰዎች ሳይጠሩ ወደ እርሻው የመጡት ስለ ምንድር ነው?
፫ኛ፤ የእንግሊዞች የወዳጅነት ማኅበር ከእኛ ዕድር ጋራ በምን ይመሳሰላል?
፬ኛ፤ የድኾች ሥራ ቤት ስሕተቱ ምን ነበረ?
፭ኛ፤ በመንደራችሁ ብድሩን መመለስ የማይችል ሰው ማን ነው? እናንተስ ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?